ሃያ አምስቷ ለሠላሳው አትሆንም

ትርንጎ ደውላ «እታለም፣ ተጠየቅሁ!» ስትለኝ ሐዋሳ ላይ፣ በተከራየሁት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከመኪናዬ ኋላ ተንበርክኬ ነበር። ለጸሎት አልነበረም፤ ጸሎቴን በማለዳ አድርሻለሁ። ታርጋዋ በሁለት ብሎን መያዝ ሲገባት በአንዱ ተንጠልጥላ ስለከረመች ሁለተኛውን ላጠብቅ ብዬ ነው። ስልኩ በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል፣ ካቻቢቴው በእጄ።

«ማን ጠየቀሽ? በቃል ነው በደብዳቤ?» አልኳት። መዝገብ ቤት ነው የምሠራው፤ ጥያቄ ሲባል መጀመሪያ የሚታየኝ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር ነው።

«ኧረ ሽማግሌ ተልኮ! መምሬ አስማረ ናቸው ይዘዋቸው የመጡት። ሰርጉ ለጥር ነው።»

መምሬ አስማረ የቤታችን የንስሐ አባት ናቸው። እሳቸው የገቡበት ነገር ያለቀለት ነው። «ልጁ ዕድሜው ስንት ነው?» አልኩ። «ሠላሳ።» «አንቺ ሃያ አምስት። ደግ፣ ደግ!» ብዬ እልልታዬን አቀለጥኩት። እልል ስል እጄ ዞረ፤ እጄ ሲዞር ካቻቢቴው ሾለከ፤ የብሎኑ ራስ እንደ ተቀቀለ ድንች ተላጠ። የእህቴ የደስታ ዜና በታርጋዬ ላይ እንዲህ ተመዝግቦ ቀረ።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእልልታው አልነበረም፤ የካቻቢቴው ነው። ጎረቤቴ ጋሽ ታምራት መካኒክ ነው። ልብሱ ቅባት፣ ምላሱ በርበሬ። መኪናዬን ከገዛሁ ጀምሮ ጥቃቅኑን ሁሉ በራሴ መጠገን የተማርኩት ከእሱ ሲሆን፣ እሱ ደግሞ ከእኔ ትዕግሥት ተምሯል። ጠባዬን ያውቀዋል፤ ለጠፍጣፋውም፣ ለባለ ስድስት ማዕዘኑም፣ ለሁሉም ብሎን የማነሣው መስቀለኛውን ካቻቢቴ ነው። ለምን ቢሉ፣ መስቀለኛ ነዋ! ስሙ ብቻውን ያሳምነኛል። ጋሽ ታምራት የተላጠውን ብሎን አይቶ፣ «እህቴ፣ እምነትሽን ለቤተ ክርስቲያን፣ ለብሎን ግን ልኩን» አለኝ። በማግስቱም አንድ እጀታና ሠላሳ ሁለት ተቀያያሪ ጫፎች ያሉባት ሳጥን አስገዛኝ። ሠላሳ ሁለት፤ ልክ እንደ ሰው ጥርስ።

ከሠላሳ ሁለቱ ውስጥ ኮከብ የሚባሉት ጫፎች ግን አንድ ቀን እንኳ ከጎሬያቸው አልወጡም። ከኮከብ ጋር ጉዳይ የለኝም። በእኛ አገር ኮከብ ይቆጥራል በሚባል ሰው ደጃፍ ሳልፍ ነጠላዬን ሰብስቤ፣ ትንፋሼን ውጬ ነው። ብረት ቢሆንም ስሙን ጠርቼ መዋል አልፈለግኩም። ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያስፈልገውን ቀድሞ ይንቃል።

ወደ ሰርጉ ልመለስ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ለትርንጎ እናቷም እህቷም እኔ ነኝ። በስልክ ነው ያሳደግኋት ማለት ይቻላል። ብርድ ልብስ ደርቢ፣ ቁርስ ብዪ፣ እሑድ ቅዳሴ እንዳይቀርብሽ፤ ይኼ ሁሉ ከሐዋሳ ደብረ ታቦር በስልክ ነበር። በእናታችን ተዝካር ቀን፣ «የሰርግሽን ቀሚስ እኔ ነኝ የማለብስሽ» ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። ልኳ ተልኮልኝ፣ ሐዋሳ ላይ አሰፋሁት። ከአንገቱ እስከ ጫፉ ጥልፍ ነው። ትርንጎም እኔን ተማምና ሌላ ቀሚስ አላዘጋጀችም። «አንዱ ቢጠፋ እንኳ ሌላ ይኑርሽ» ያላት አልጠፋም፤ «እህቴን አታውቋትም» አለቻቸው። እኔም ይህን ስሰማ በኩራት አንድ ጋት ረዘምኩ። ኩራት ኃጢአት መሆኑን የረሳሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለት ቀን ነድቼ፣ የሰርጉ ዋዜማ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደብረ ታቦር ገባሁ። ቤታችን በጋፋቱ መንገድ በኩል ነው። ዳሱ ቆሟል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ወንዶቹ ሽንኩርት ሲከተፍ ያያሉ። እልልታው ሲበርድ ትርንጎ ብቅ አለች፤ እንሶስላ ስለምትሞቅ እጆቿ በቅጠልና በጨርቅ ተጠቅልለው የቦክሰኛ መስለዋል።

«ቀሚሴስ?» አለች።

«ከኋላ ነው» ብዬ የዕቃ መጫኛውን ኮፈን ልከፍት ሄድኩ። ቁልፉ ገባ። ዞረ። ደግሞ ዞረ። የግድግዳ ሰዓት ቢሆን ኖሮ ለዓመት የሚበቃውን ሞልቼው ነበር። ኮፈኑ ግን ንቅንቅ አላለም፤ የሁለት ቀን መንገድ አራግፎት የቁልፉ ውስጡ ወልቋል።

«አይዞሽ፣ የጥንቃቄ ሰው ነኝ፤ መሣሪያ ይዣለሁ» አልኳት። ይዣለሁም። ሠላሳ ሁለት ጫፍ ያላት ሳጥኔ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላ፣ እንዳትንኮሻኮሽ ተደግፋ፣ ከቀሚሱ ጎን ኮፈኑ ውስጥ ተቀምጣለች።

ጥንቃቄ ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል።

አያ ሞላ መጡ። አያ ሞላ ጎረቤታችን ናቸው። በጎረምሳነታቸው ለአንድ ክረምት የጭነት መኪና ረዳት ስለነበሩ፣ ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ የሚታከመው በእሳቸው ቃል ነው። ኮፈኑን ሁለት ጊዜ በጥፊ መቱት።

«በይ ዞር በይ! ጋፋት እዚህ አፍንጫችን ሥር ሆኖ፣ መድፍ የተሠራበት አገር ሰው አንዲት ጣሳ መክፈት ያቅተው? ዲጂኖ አምጡልኝ!»

ዲጂኖው መጣ፤ ድንጋይ መፈንቀያው። እኔ እጄን ዘርግቼ ከመኪናዬ ኋላ ተለጠፍኩ።

«አያ ሞላ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! ዲጂኖው ሲገባ መጀመሪያ የሚያገኘው ቀሚሱን ነው!»

«ቀሚስ ይሰፋል።»

«እስከ ነገ ጠዋት?»

ይህን ጊዜ ትንሽ አሰቡ። ነገ በማለዳ ከቅዳሴ በኋላ ሥርዓተ ተክሊሉ ይደርሳል፤ ለዚያ ሙሽራዋ የምትለብሰው ይህንኑ ነው። «እሺ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ታገሥኩሽ። ከዘጠኝ በኋላ ዲጂኖው ይናገራል» አሉና ዲጂኖውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጠላ አስቀድተው ከመኪናዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ትርንጎ በተጠቀለሉ እጆቿ ዓይኗን ልትጠርግ ሞክራ ስላልቻለች እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። «እህቴን አታውቋትም» አላለችም በዚህ ጊዜ። ያ ነው አንጀቴን የበላው።

ለጋሽ ታምራት ደወልኩ።

«ከኋላ አልከፍት ካለሽ ከውስጥ ግቢ» አለ። «የኋላ መቀመጫውን መደገፊያ የያዙት ታች ግራና ቀኝ ሁለት ብሎኖች ናቸው። እነሱን ፍቺና መደገፊያውን ወደ ላይ ሳቢው። ኮፈኑ ውስጥ የሚያስገባ ቀዳዳ ይከፈትልሻል።»

ይህን ያህል ቀላል! በራችን ላይ ከቆመ የባጃጅ ሹፌር ካቻቢቴ ለመንኩ። መስቀለኛ ነበር። ስሙ ደስ አለኝ። «በመስቀል የማይፈታ የለም» አልኩና አማትቤ ቀኙ ብሎን ላይ ተጫንኩት። ጭርርር አለ። አላመንኩም፤ ደገምኩት። ጭርርር። ብረት ሲላጥ የሚያሰማውን ድምፅ ከእልልታ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ጋሽ ታምራት…» አልኩ መልሼ ደውዬ።

«በመስቀለኛው ሞከርሽው» አለ። ሳልነግረው።

«ትንሽ ብቻ።»

«ቅርጹን ንገሪኝ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ውስጡ ስድስት ጫፍ አለው። መልኩን አውቄዋለሁ፤ ስሙ ግን ከአፌ አልወጣ አለ። «እ… ሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየውን… ነገር ይመስላል።»

«ኮከብ በያ! ምን ያሽኮረምምሻል? ባለ ኮከብ ጫፍ ፈልጊ!»

የባጃጁ ሹፌር ከመቀመጫው ሥር ሲጎረጉር አንዲት ባለ ኮከብ አገኘ። አንገቷ ላይ ሃያ አምስት ተብሎ ተቀርጾባታል። ቁጥሯን ለጋሽ ታምራት ነግሬ፣ ተመስገን ብዬ ወደ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ፤ ሁለቱም እጄ ስለተያዘ ስልኩን ድምፁን ከፍቼ መቀመጫው ላይ አጋደምኩት። እንግዲህ አንባቢዬ ልብ በል፤ የመኪናዋ መስኮት ክፍት ነው። ከመስኮቱ አጠገብ አክስታችን እትዬ ላቀች የሽንኩርት ጎድጓዳ ሳህን ይዛ ቆማለች። ስልኩን ግን አታይም። የምትሰማው ከመኪናዋ ውስጥ የሚወጣ፣ የማታውቀውን የወንድ ድምፅ ነው።

«እህስ፣ ሃያ አምስቷ እንዴት ናት?» አለ ድምፁ።

«መልኳስ ጥሩ ነበር» አልኩ፤ «ግን ትወዛወዛለች።»

«አሃ። እንግዲያው ያ ሠላሳ ነው። ሃያ አምስቷ ለሠላሳው አትሆንም።»

«ምናልባት ትንሽ ብናስገድዳት?»

«እንዳታደርጊው! ኮከብ ካልገጠመ አልገጠመም። በግድ ላስተሳስር ካልሽ ይላላጣሉ፤ ኋላ እንፍታ ቢባል ደግሞ የሚፈታቸው አይገኝም።»

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ሰርግ ነው! ምን ይሻለኛል?»

«ሃያ አምስቷን ለባለቤቷ መልሻት። ለሠላሳው የምትሆነውን ሌላ ፈልጊ። ደብረ ታቦርን የሚያህል ከተማ አይጠፋም።»

ከውጭ ሳህን ሲወድቅ ሰማሁ። ሽንኩርት አቃጥሏት ነው ብዬ ቀና ሳልል፣ ነጠላዬን አጣፍቼ በዚያው ባጃጅ ወደ ገበያ በረርኩ።

ገበያው የቅዳሜ ገበያ ነው። የመለዋወጫ ሱቆቹን አንድ በአንድ ዞርኩ። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም መስቀለኛ። መጨረሻ ላይ አንዲት ሴት ያለችበት ጠባብ ሱቅ ደረስኩ። ዓረብ አገር ሠርታ ተመልሳ የከፈተችው ነው። ግራ ቀኝ ተገላምጬ፣ በሹክሹክታ፣ «እህቴ፣ ኮከብ… ሠላሳ አለሽ?» አልኳት።

«ምን ያስፈራሻል? ዕጽ አይደለም» ብላ ሳቀችና ከመሳቢያዋ አወጣችልኝ። «እዚህ ወንዶቹ መስቀለኛ ይገዙኛል። እሱ ይልጥባቸዋል፤ ተመልሰው መዶሻ ይገዙኛል። እሱም አልሆን ሲል ዲጂኖ ይገዙኛል። ኮከብ ጠይቆኝ የመጣ ሰው ዛሬ አንቺን አየሁ።» ቀኙን ብሎን ልጬዋለሁ ስላት አልሰደበችኝም። «ጫፏን አስገቢና በላይዋ በመዶሻ ቀስ ቀስ እያረግሽ አስነክሻት። ከዚያ በሙሉ ክብደትሽ ተጭነሽ ቀስ ብለሽ አዙሪ። ጥድፊያ ነው ብሎን የሚልጠው» አለችኝ። ጋሽ ታምራት ከእነ ምላሱ ያልነገረኝን ሴት ነገረችኝ።

ስመለስ ግቢው ጭር ብሏል። የሚከትፍ የለም፤ የሚከተፍም የለም። አያ ሞላ ዲጂኖውን እንደያዙ ቆመዋል። ትርንጎ በደጃፉ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ በዚህ ጊዜ ለቀሚስ እንዳልሆነ ያስታውቃል። በመሃል መምሬ አስማረና ከሙሽራው ወገን የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ለካስ እትዬ ላቀች የሰማችውን በሚስጥር ለአንዲት ሴት፣ ሴትየዋ በሚስጥር አንበሳሜ ላለችው ለሙሽራው አክስት፣ እሷም በሚስጥር እዚሁ ደብረ ታቦር ላለው ለሙሽራው ቤት ደዋውለዋል። ወሬው አንበሳሜ ደርሶ ሲመለስ እኔ ገና ገበያ ነበርኩ።

መስቀላቸውን ልሳለም ስጠጋ መምሬ አስማረ መስቀሉን ወደ ኋላ ያዙት።

«ልጄ፣ ሳላድበሰብስ ልጠይቅሽ። በሰርጉ ዋዜማ ኮከብ ቆጣሪ አስጠርተሽ፣ ‹ሃያ አምስቷ ለሠላሳው አትሆንም፣ ኮከባቸው አልገጠመም፣ እሷን መልሻትና ሌላ ፈልጊ› አሰኝተሻል የሚሉት እውነት ነው?»

«እኔ?»

«አንቺ! ብስኩቱ የጾም ነው ወይ ብለሽ ከሐዋሳ ድረስ የምትደውዪልኝ ልጅ!»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ልጃችን ሠላሳ ዓመቱ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል» አሉ፤ «ነገሩ ከእናንተ ወገን ከመጣ እኛም ድግሳችንን እናቁም።»

እትዬ ላቀች ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «በጆሮዬ ነው የሰማሁት! ‹ብትፈቺም አይፈታም› አለ፤ ድምፁ ከመኪናዋ ሆድ ነው የወጣው!» አለች። አያ ሞላ አማተቡ፤ ከመኪናዋም አንድ እርምጃ ራቁ።

ነገሩ ሲገባኝ ልስቅ ወይስ ላለቅስ ስል ሁለቱም አንድ ላይ መጡብኝ። ማስረዳት ሞከርኩ፤ «መምሬ፣ ኮከቡ ብሎን ነው፤ ሠላሳውም ብሎን ነው፤ ሃያ አምስቷም…» ስል እየባሰ ሄደ። ማስረዳቱን ተውኩት። ከመቀነቴ ፈትቼ የገዛሁትን ጫፍ አወጣሁና በመዳፋቸው ላይ አኖርኩት።

መምሬ አስማረ መነጽራቸውን ከቆባቸው ሥር አወረዱ። አገላበጡት። አንገቱ ላይ ያለውን ቁጥር አነበቡ። ተነሥተው ወደ መኪናዋ መጡና ጎንበስ ብለው ብሎኑንም አዩት።

«ይኼ ነው ኮከቡ?»

«አዎ አባቴ።»

«ሠላሳውስ?»

«ቀዳዳው ነው።»

«ሃያ አምስቷ?»

«የባጃጁ ሹፌር ንብረት ናት። መልሼለታለሁ።»

ሹፌሩ ሃያ አምስቷን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ አሳየ። የመምሬ ትከሻ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር። «እንግዲያውስ እስቲ ፍቺውና እንይ» አሉ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቷል፤ ግቢው በሙሉ መኪናዋን ከበበ።

ጫፏን ከሹፌሩ በተዋስኩት እጀታ ላይ ሰካሁ። የግራው ብሎን ሠላሳዋን ባገኘ ጊዜ እንደ በግ ተነዳ። በሁለት ጣቴ ነው ያወጣሁት። የቀኙ ግን እኔው ራሴ የላጥኩት ነው። ጫፏን አስገባሁና፣ «አያ ሞላ፣ ዲጂኖውን ያስቀምጡና መዶሻ ይያዙልኝ። ቀስ አድርገው» አልኳቸው።

«እኔ ቀስ አላውቅም።»

«ዛሬ ይወቁ።»

ቀስ አድርገው መቱ። እንዲህ ቀስ ማለት ይችላሉ ብሎ የጠረጠረ ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ሁለቴ፣ ሦስቴ፤ ጫፏ ነከሰች። በደረቴ ተጫንኩት፣ እጀታውን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ ማዞር ጀመርኩ። አልነቃነቅ አለ። ላቤ ቅንድቤ ላይ ደረሰ።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ» አልኩ፤ ከድካም የወጣ ቃል ነው።

መምሬ አስማረ በዚህ ጊዜ መስቀላቸውን አወጡ። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ፤ ቀጥለውም ወደ መቀመጫው ዘንበል ብለው፣ «እሱንም ይፍታው።»

ቀጭ!

ግቢው በአንድ ጉሮሮ ጮኸ። መምሬ፣ «ይህን ያህል ዘመን ስፈታ እንዲህ የጮኸልኝ ኃጥእ የለም» አሉ። እኔ መደገፊያውን ፈንቅዬ፣ በተከፈተው ቀዳዳ በጭንቅላቴ ገባሁ። ወገቤ ድረስ ኮፈኑ ውስጥ፣ እግሮቼ ውጭ። መጀመሪያ እጄ የነካው የሠላሳ ሁለት ጫፎች ሳጥኔን ነው፤ ለእሷ የምለውን ለሌላ ቀን አቆየሁት። ቀጥሎ ቀሚሱን አገኘሁ። ጨርቁ ሳይጨማደድ፣ ቅባት ሳይነካው፣ አንዲት የጥልፍ ክር ሳትሳብ በመስኮቱ ሳወጣው፣ እትዬ ላቀች የመጀመሪያዋን እልልታ አቀለጠች። የራሷን ወሬ በራሷ እልልታ መሸፈኗ ነው፤ ይሁንላት፣ ጉሮሮዋ መልካም ነው። ትርንጎ በተጠቀለሉ እጆቿ አንገቴን አቅፋ ለሁሉም ሰው፣ «እህቴን አታውቋትም አላልኩም?» አለች። ሽማግሌዎቹ ጠላ ተቀዳላቸው። አያ ሞላ ዲጂኖውን ከዳሱ ኋላ ወስደው ሲደብቁት አየሁ፤ ያላየሁ መሰልኩ።

በማግስቱ ትርንጎ በዚያ ቀሚስ በተክሊል ተዳረች። እኔ ቅዳሴውን ስቆም ጥፍሮቼ ውስጥ ቅባት ነበር፤ ታጥቤው አልለቅ ብሎኝ ነው። ከሰዓት በኋላ ሚዜዎቹ ግጥም አውጥተው ሲጨፍሩብኝ ዋሉ፦

«ካቻቢቴ ይዛ ከሐዋሳ መጣች፣
ኮከቡን ለክታ ቀሚሷን አወጣች!»

ካቻቢቴው የባጃጁ ሹፌር ንብረት ነበር፤ ግን ግጥም ምስክር አይጠየቅበትም። እስክስታዬን ወረድኩት። ኩራት ኃጢአት መሆኑን አልረሳሁም፤ ለአንድ ቀን ይቅር ይባልልኛል ብዬ ነው።

አሁን ሐዋሳ ተመልሻለሁ። ጣጣው ግን አላለቀም። ከአንበሳሜ የማላውቃቸው እናቶች ይደውሉልኛል። «ያቺ የመኪና ውስጥ ኮከብ ቆጣሪ አንቺ ነሽ አሉ። ልጄ ሃያ ሦስት፣ የሚጠይቃት ሃያ ሰባት፤ ይገጥማሉ ወይ?» ይሉኛል። እኔን! ኮከብ የሚለውን ቃል እንኳ አልጠራም ብዬ የተቸገርኩትን! አንዷማ ‹ይገጥማሉ› ስላላልኳት ተቀይማ ዘጋችብኝ።

እናም እናንተ ያን ቅዳሜ በግቢያችን የነበራችሁ፣ በዓይናችሁ ያያችሁ፣ እጃችሁን ያጨበጨባችሁልኝ ሁሉ፣ እባካችሁ መስክሩልኝ። በእግዜር ቤትም በገበያም ንገሩልኝ፤ ብሎን ነው የፈታችው በሉ፣ ጠንቋይ አይደለችም በሉ፣ ንስሐ አባቷ ቆመው ነበር በሉ። ስትናገሩ ግን አንድ ነገር አደራ፤ አንዳንዶቻችሁ «ሃያ ሰባት ቁጥር ነበር» እያላችሁ እንደምታወሩ ሰምቻለሁ። ሠላሳ ነው። ሠላሳ ብላችሁ ንገሩልኝ።